ጎማ ያለው ሳጥን

የኔም ቤት እንደ ሰው ቤት ይሁን ብዬ ቆቦ ገበያ የልብስ ማስቀመጫ ልመርጥ ወጣሁ። አልጋ ስር ለማስገባት እንዲመቸኝ ጎማ ያላቸው ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዛሁ። ከባጃጅ ሳወርዳቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ጎማዎቹን አዩና ቀረብ አሉኝ።

«ምን ሰማሽ?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁ፤ ልብስ ላስቀምጥበት ነው።»

«እሺ» አሉ፤ ግን አላመኑኝም።

ልብሱን አጣጥፌ፣ የልጆቹን የክትባት ካርድ ከላይ አድርጌ ልከድን ስል ከደጅ የጋሪ ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ብል ሰፈሩ በሙሉ ፍራሽ ይጭናል። በጦርነቱ ጊዜም የሸሸነው እንዲሁ ነበር፤ ማንም ምንም ሳይነግረን፣ ጎረቤት ሲጭን አይተን። ልጆቼን ከፊት አስቀድሜ አንዱን ሳጥን እየጎተትኩ ወጣሁ።

ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩና አጠገቤ ያረፈችውን ሴት ጠየቅኳት።

«ምን መጣ ተብሎ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ። ላይ ሰፈር አንዲት ሴት ቀድማ ሰምታ ኖሮ፣ ጎማ ያለው ሰማያዊ ሳጥን ገዝታ ልብሷን ስትከት ታየች አሉ።»

ነጠላዬን አውልቄ ሳጥኑን ሸፈንኩት።