ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ፈረስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ የአባቱን ላም ገልብጦ አመጣልኝ። ፕሮግራም አጻጻፍ የማስተምራቸው ልጆች የመጀመሪያ ሥራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የምስል ፋይል ከፍቶ የሚያነብ፣ ያነበበውንም መልሶ በሌላ ፋይል የሚጽፍ አነስተኛ የናሙና ፕሮግራም መሥራት። ልጁ ቁጥሮቹን አንድም ሳያስቀር አንብቧል፣ አንድም ሳይስት ጽፏል፤ ነገር ግን ያ የፋይል ዓይነት ምስሉን ከታችኛው ረድፍ ጀምሮ ወደ ላይ እንደሚያስቀምጥ ስላላወቀ ላሚቱ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ወጣች። ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ መሀል ላይ ቆመና ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቂሜ ተነሥቶ ደረቴ ላይ ቁጭ አለ። ፊቴ ሲለዋወጥ ያየው ልጅ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን የተቆጣሁት በእሱ ሳይሆን በአንዲት የሞተች ሴት ነበር።

ምስልን በቁጥር መጻፍና ማንበብ የተማርኩት ኮምፒውተር የሚባል ነገር ስሙን እንኳ ሳልሰማ፣ አሰላ ውስጥ፣ ከታላቅ እህቴ ከሩቅያ ነው። አባታችን ገበያው መግቢያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ አዲስ የተፈታ አቡጀዲ ሽታ ከልብሳችንም ከምግባችንም አይጠፋም፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ጉም ደግሞ ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር ሳይጠራ ገብቶ እስከ ረፋድ እንደ ቤተ ዘመድ አብሮን ይቀመጣል። እናታችን በኦሮምኛ ትቆጣናለች፣ እኛ በአማርኛ እንመልሳለን፣ አባባ በሁለቱም ዝም በሉ ይለናል። ሩቅያ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እኔ ዐሥራ አንድ። ዝምተኛ ነበረች፤ ዝምታዋ ግን የፈሪ ሳይሆን የሚቆጥር ሰው ዝምታ ነበር። ገበያ ስንሄድ ሌላው ሰው ወይፈን ሲያይ እሷ ከቀንዱ እስከ ሻኛው ስንት ስንዝር እንደሆነ ትለካለች።

ጥልፍ የምትሠራው ክሩ እየተቆጠረ በሚወጋ ሳሳ ባለ ጨርቅ ላይ ነው። መጀመሪያ ካሬ ባለው የሒሳብ ደብተር ላይ በእርሳስ ትስላለች፤ ከዚያ እያንዳንዱን ረድፍ ትቆጥርና «ዐሥራ ሁለት ነጭ፣ አምስት ቡናማ፣ ሦስት ጥቁር» እያለች በሌላ ደብተር ትጽፈዋለች። ካሬ ወረቀት እንደ ልብ ስለማይገኝ ቆጥራ ስትጨርስ ሥዕሉን በላጲስ ታጠፋውና በዚያው ገጽ ላይ ሌላ ትስላለች። ስለዚህ በደብተሯ ውስጥ አንድም ሥዕል የለም፤ አበባው፣ ዶሮው፣ ሚዳቋዋ ሁሉ ቁጥር ሆነው ተኝተዋል። የምትጽፈው ከታችኛው ረድፍ ጀምራ ነው፤ ለምን ብዬ ስጠይቃት «ፈረስ በጆሮው ይቆማል እንዴ? ከኮቴው ነው የሚጀመረው» አለችኝ። ከቀኝ ወደ ግራ መቁጠሯ ደግሞ የቁርኣን ቤት ልማዷ ነው። ትልቁን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ከመዳፍ የማትበልጥ ናሙና ትሠራለች፤ እኔ እየጮኽኩ አነብላታለሁ፣ እሷ ትወጋለች፣ ምን እንደሚወጣ እኔ አላውቅም፤ ከቁጥር ውስጥ የጫጩት ዐይን ብቅ ሲል እንደዚያ የተደሰትኩበት ነገር እስከ ዛሬ የለም።

አባባ ሴት ልጅ መማሯን የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ግን ይጨንቀው ነበር። የአርቦዬ እህል ነጋዴዎች ለልጃቸው ሩቅያን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከው ጠይቀዋል። አባባ በመጨረሻ ቁርጡን ነገራት፦ አዲስ አበባ ያለው የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ከተቀበላት ትሄዳለች፣ ካልተቀበላት አርቦዬ ናት። የእጅ ሥራ መምህርታችን ወይዘሪት አስካለ፣ ጫማዋ ጭቃ የማይነካው፣ እኛ የአሰላ ልጆች ጠጉራችን ቅቤ ቅቤ ይሸታል የምትለው፣ ደብተሩን እኔ ራሴ እልክልሻለሁ ብላ ወሰደችው። ከሁለት ወር በኋላ እንዳልተቀበሏት ነገረቻት። ሩቅያ አላለቀሰችም፤ ደብተሬስ ብላ ጠየቀች። እዚያው ቀርቷል ተባለች። አባባም የጀመረችውን ትምህርት እስክትጨርስ ሰርጉን አቆየላት።

አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተሰማ። ፈረስ ወዳድ ናቸው ስለተባለ ወይዘሪት አስካለ የሚጋልብ ፈረስ ያለበት ትልቅ የግድግዳ ጥልፍ ተሠርቶ እንዲበረከትላቸው ለዲሬክተሩ ሐሳብ አቀረበች። ንድፉ የራሷ ነው አለች። ጥልፍ የሚማሩት ሴቶች ጀመሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከጨርቁ አናት ላይ አራት ኮቴ ሰማይ እየረገጠ ብቅ አለ። እንደ ባለፈው ሳምንቱ ተማሪዬ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር የላይኛው አድርጋው ነበር። ያን ጊዜ ነው እኔን ከክፍል ያስጠራችኝ። የእህቴን ደብተር እጄ ላይ አኖረችው። ሽፋኑ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፣ በሚያምር ጽሑፍ «በወይዘሪት አስካለ የተዘጋጀ» ይላል። ከሽፋኑ ጀርባ ወደ አዲስ አበባ ለአሠልጣኝነት የምትዛወርበት ደብዳቤ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ገለጥ ሳደርገው «ላቀረቡት የንድፍ ሥራ» ይላል። ይህን ማንበብ ትችያለሽ አይደል ብላ ሁለት ከረሜላ ሰጠችኝ። የተቀበልኳቸው ከረሜላዎች ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ለሩቅያ ሮጬ ነገርኳት። ክር እያጠነጠነች ነበር፤ እጇ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። «ተዪው፣ አላህ ያያል» አለችኝ። አላህ እስኪያይ የምጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ያዝኩ።

አዲስ ጨርቅ በስድስት አግዳሚ ቁራጭ ተከፍሎ ለስድስት ሴቶች ተሰጠ፤ ጊዜ ስለጠበበ እያንዳንዷ የራሷን ትሠራለች፣ መጨረሻ ላይ በስፌት መኪና ይገጠማል። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በየተራ አነብላቸዋለሁ። አምስቱን ቁራጭ በታማኝነት አነበብኩ፤ ኮቴው፣ ጉልበቱ፣ ደረቱ፣ አንገቱ ሁሉ ሩቅያ እንደጻፈችው ነው፤ እንዲያውም ማንም ቀድሞ እንዳይጠረጥር ከወትሮው አጥርቼ ነው ያነበብኩት። ስድስተኛው ጋማውና ጆሮው ያለበት ነው። ለሳምንት ያህል ገብስ ጭነው ገበያ የሚመጡትን አህዮች እየተከተልኩ ጆሯቸውን በዐይኔ ስለካ ከርሜ ነበር። ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት እያዛለሁ ብዬ ሁሉንም በልቤ ያዝኩ። ጥቁር የሚለውን ነጭ እያልኩ ጋማውን ላጨሁት፤ ጆሮው ላይ ስደርስ ደብተሩ ነጭ እያለ እኔ ቡናማ፣ ነጭ እያለ እኔ ቡናማ። የምትወጋው ልጅ ወደ ላይ የሚያድጉትን ሁለት ነገሮች አየችና ምንድነው አለችኝ። የጭላሎ ጫፍ ነው አልኳት። አመነችኝ።

እንግዳው ከተባለው ቀን ሁለት ቀን ቀድመው መጡ። ቁራጮቹ በዚያው ጠዋት በችኮላ ተገጠሙ፣ በጀርባ በኩል ተተኮሱ፣ ታጠፉ፤ ወይዘሪት አስካለ ጠጉሯን ስትሠራ አርፍዳ የታጠፈውን ተቀብላ ሜዳው ላይ ወጣች። ሁለት ተማሪዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ዘረጉት። አህያ ነበር። ወርቃማ ልጓም ያደረገ፣ ደረቱን የነፋ፣ እንደ ፈረስ የሚጋልብ አህያ። ለአቀባበል ከወጡት ገበሬዎች መሀል አንድ አዛውንት በኦሮምኛ «ሀሬ!» አሉ፣ አህያ ነው ማለታቸው ነው፣ እንግዳውን ለመርዳት ብለው ይመስለኛል። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እንግዳው በከንፈራቸው ብቻ ፈገግ ብለው ጨርቁን ሳይነኩ አለፉ። የወይዘሪት አስካለ ፊት ሲያመድ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ልደብቅ አልችልም፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያው ደስታ ይሰማኛል።

ከሰዓት በኋላ እኔም ጥልፉን የሠሩትም ሴቶች ዲሬክተሩ ቢሮ ተሰለፍን። ዲሬክተሩ ደብተሩን እያገላበጠ ይህ የማን ሥራ ነው አለ። ወይዘሪት አስካለ ያን የለጠፈችውን ወረቀት በጥፍሯ ፍቃ አነሳችው። ከሥሩ የእህቴ ስም ወጣ።

«ደብተሩ የእኔ አይደለም፤ የዚህች ልጅ እህት የሩቅያ ነው። ንድፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሷ ናት የሠራችው» አለች።

ስጠብቀው የከረምኩት ቃል ነው። እውነቱን ተናገረች፤ የተናገረችው ግን ጥፋት በሆነ ጊዜ ነው። ሩቅያ ተጠርታ መጣች። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ደብተሩ የእኔ ነው፣ ጆሮው ግን የእኔ አይደለም ብትል የሚቀረው ያነበበው ሰው ብቻ ነው።

«ደብተሩ የእኔ ነው። ጆሮውም የእኔ ነው» አለች።

ለሦስት ሳምንት ወንበር ላይ ቆሜ ስጮኽ የከረምኩ ልጅ አንዲት ቃል አጣሁ። ሩቅያ በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ተባረረች፣ ክረምቱ ሳይገባ አርቦዬ ተዳረች። ለወይዘሪት አስካለም ዝውውሩ ቀረባት፤ ይህንን ሲነግሩኝ ግማሹ ሆዴ ሞቀ፣ ግማሹ በረደ። በዓመቱ አብዮቱ መጣ፤ ያ ትልቅ ሰውም ዲሬክተሩም የት እንደገቡ የሚጠይቅ ጠፋ። እኔ ተማርኩ፤ ሒሳብ አስተማርኩ፣ ኋላም ኮምፒውተር። ሰው ስለ ምስል ፋይል ሲያወራ ስሰማ ዛሬም የሚያናድደኝ፣ እኔ የማስተምረውን ነገር ከእኔ የበለጠ የምታውቅ ሴት አርቦዬ ውስጥ ጤፍ ስትሰፍር መኖሯ ነው። ወይዘሪት አስካለ ስትሞት የድሮ ተማሪዎቿ ተሰብስበው ለቅሶ ሄዱ። አልሄድኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ ተወግቼም ወግቼም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አርቦዬ ሄጄ ያን ሁሉ ዓመት ያላወጣሁትን ቃል ያወጣሁት። ሩቅያ ሱቋ በር ላይ ተቀምጣ እህል ታበጥራለች፤ ጣቶቿ ወፍረዋል፣ መርፌ ከያዘች ዘመናት አልፈዋል። ጆሮውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ሕይወትሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳትና አለቀስኩ። ሰፌዷን አላስቀመጠችም።

«ወላሂ፣ ገና ሳየው ነው ያወቅሁሽ» አለችኝ። «የግራው ጆሮ ከቀኙ በሁለት ካሬ ይረዝማል። ለትምህርቱስ አልቅሼ ጨርሻለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ የተንጋደደ ነገር የእኔ ነው ማለቴ ነው።»

ገለባውን ነፋ ነፋ አደረገችና ወደ እኔ ሳትዞር ጨመረች።

«ተዪው ስልሽ ለምን አመንሽኝ? ትንሽ ብትለምኚኝ ኖሮ እንከን የሌለው አህያ እጽፍልሽ ነበር።»