በሲፎኑ ውስጥ የሂንድ ድንጋዮች

ሂንድን ያወቅኋት ሽንት ቤት ልጠግን ተጠርቼ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነጻነት ስለሚባለው ነገር ከጓደኞቼ ጋር ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተከራክረናል። ነጻ ሰው በዓይኔ ያየሁት ግን ኋላ ነው፤ ሐይቅ ከተማ፣ በእንግዳ ማረፊያው መታጠቢያ ቤት ደጃፍ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ከአምባሰልና ከዙሪያው ገጠር ረሃብ ያፈለሰው ሕዝብ ከከተማው ዳር በተሠራው መጠለያ ሰፍሯል። ሐይቁ እዚያው ፊቱ ተኝቷል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው እየታጠበበት፣ የተረፈው ከብትም እየገባበት፣ ውሃው ሕጻናቱን በተቅማጥ ይጨርሳቸው ነበር። ንጹሕ የሚባለው ውሃ ከደሴ በቦቴ የሚመጣው ነው። ቦቴው ደግሞ መጀመሪያ የሚቆመው እንግዳ ማረፊያው በር ላይ ነው። እዚያ ጣራ ላይ የተሰቀለውን ታንከር ይሞላል፤ ከተረፈው ለመጠለያው ያድላል። አብዛኛውን ጊዜ አይተርፈውም።

ማረፊያው ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ኃላፊውን ጓድ አያሌውን ከሁሉ የሚያኮራው የውሃ ሽንት ቤቱ ነበር። ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ ውሃው የሚጠራቀምበት ሲፎን አለው፤ ሰንሰለቱን ሲስቡት እንደ ክረምት ጎርፍ ያገሣል።

ሂንድ የዚያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። የአርዲቦ አካባቢ ተወላጅ፣ ባሏ የሞተባት፣ ቁመቷ አጠር፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ ሴት። ከተማው የሚያውቃት በትከሻዋ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሲያነሣ እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ትቀመጣለች። ሲጠይቋት «ትከሻዬን ያመኛል» ትላለች። ከስብሰባው ስትወጣ ሙሉ ጀሪካን በዚያው ትከሻዋ ተሸክማ ትሄዳለች። ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ይስቃል፤ ሊቀመንበሩም አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አንድ ቀን የማረፊያው ዘበኛ ታመነ ፊዚክስ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ታመነ ሽማግሌ ነው፤ ሲጨንቀው ማተቡን ያሻሻል።

«መምህር፣ ጓድ አያሌው ይፈልጉሃል።»

ያኔ «ይፈልጉሃል» ማለት ደግ ነገር አልነበረም። «ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

«አንተስ አላጠፋህም። ሽንት ቤቱ ነው ያጠፋው።»

የቧንቧ ባለሙያ ከደሴ ወዲህ ስላልነበረ ፊዚክስ አስተማሪ ይበቃል ተብሎ ነው። በማግስቱ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ስደርስ ጓድ አያሌው ሰንሰለቱን ይስባል፣ ይስባል፤ ከላይ የሚወርደው የሕጻን ሽንት የሚያህል ነው።

«እስቲ ባልዲ ውሃ አምጡልኝ» አልኩ።

ሂንድ ባልዲውን አቀበለችኝ፤ ስታቀብለኝ ግን ቶሎ አልለቀቀችውም። ውሃውን አንድ ጊዜ ገለበጥኩት። ሽንት ቤቱ ጉርርር ብሎ ጠራርጎ ዋጠው። እንግዲያው መቀመጫውም ደህና ነው፣ ቱቦውም አልተደፈነም ማለት ነው።

«ችግሩ ከላይ ነው» አልኩ።

ጓድ አያሌው ወደ በሩ ገልመጥ አለ። «ቀስ ብለህ ተናገር እንጂ!»

«ከሲፎኑ ማለቴ ነው።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ሲፎኑ ውሃ የያዘ ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሹ ውሃ አይደለም። በአረንጓዴ ሻሽ የተጠቀለሉ ድብልብል የሐይቅ ድንጋዮች እንደ እንቁላል ተደርድረው ተኝተዋል። ከሻሹ አንዱ ጫፍ ተፈትቶ የውሃ መውጫውን አፍ ደፍኖታል። ቁልቁል ሳይ ሂንድ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። ጭንቅላቷ ላይ ያሠረችው ሻሽ ያው አረንጓዴ ነው፤ ከግማሹ የተቀደደ።

ክዳኑን መለስኩት። «የውሃ ልክ የሚጠብቀው ኳስ ተጣሟል፤ አቃናዋለሁ» አልኩ። ሐሰት ሰው ሲያድን ምን ይባላል የሚለውን ጥያቄ ከዚያ በፊት በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ነበር የመለስኩት።

ጓድ አያሌው ግን ዝም ብሎ አላለፈም። «ማነው ያጣመመው? ኳስ በራሱ አይጣመምም። እንግዶች ሊመጡ ሲሉ!» ወደ ታመነ ዞረ። «ቁልፉ አንተ እጅ ነው ያለው። ይሄ አሻጥር ነው። የአብዮት ጥበቃ ይመርምርህ!»

ታመነ ማተቡን ያዘ።

«ተዉት እሱን» አለች ሂንድ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። መምህር፣ አብሽር፤ ያየኸውን አውርደው። ለእኔ ብለህ የዋሸኸውን የሚሸከመው ታመነ ነው፤ እኔ ደግሞ ሸክሜን ለሽማግሌ አልሰጥም።»

አወረድኩት። ድንጋዮቹ ወለሉ ላይ ተደረደሩ፤ ሻሹ ይንጠባጠባል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጓድ አያሌው።

«ድንጋይ።»

«ድንጋይ መሆኑንማ አያለሁ!»

«ካዩ ታዲያ ምን ይጠይቁኛል?»

ታመነ ሳቅ አመለጠውና ሳል አስመሰለው።

«የመንግሥት ንብረት ለማበላሸት ማን ላከሽ? ተናገሪ!»

«የላከኝ ጥም ነው። እርስዎ ይቺን ሰንሰለት አንዴ ሲስቧት የሚወርደው ውሃ፣ ለስንት ሰው ውዱእ እንደሚበቃ ያውቃሉ? ሰው ፊቱን፣ እጁን፣ እግሩን በአንዲት ማንቆርቆሪያ ታጥቦ አላህ ፊት ይቆማል። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚህ ታንከር ሥር እየዋልኩ፣ ለሶላት እጄን አፈር ላይ አሳርፌ ነው ፊቴን የማብሰው። ውሃው ለሚጠጣ ይትረፍ ብዬ። እርስዎ ግን ያንኑ ውሃ...» በአገጯ ወደ መቀመጫው ጠቆመች። «ሀራም ነው! ድንጋዩ በያዘው ቦታ ልክ ውሃ ይተርፋል። የተረፈውን ከታንከሩ ቀድቼ መጠለያ አደረስኩ። የየሺሀረግ ልጆች ጠጡት።»

የሺሀረግ ከግሸን ሥር ከነልጆቿ የተሰደደች ሴት ናት፤ መጠለያው ውስጥ የሂንድን የውሃ በርሜል የምትጠብቀው እሷ ነበረች።

«የመንግሥት ውሃ ሰርቀሻል!»

«ውሃው የአላህ ነው። የመንግሥቱ ቦቴው ነው፤ እሱን አልነካሁም።»

«ጸረ አብዮት!»

«ይሁና። ያጠፋሁት አንድ ነገር ነው፤ በሻሽ መጠቅለሌ። ድንጋዩ ነጩን ዕቃ እንዳይፍቅባችሁ ብዬ ነበር። ይኸው፣ ለዕቃችሁ ሳዝን ተያዝኩ።»

ጓድ አያሌው ሻሹን በጣቱ ጫፍ አንሥቶ ማስረጃ ነው ብሎ ቢሮው ቆለፈበት። እኔን ገልመጥ አድርጎ ተወኝ፤ ሲፎኑን የሚያስተካክልለት ሌላ ሰው አልነበረውም። ታመነ ጠብመንጃውን ይዞ ወደ ቀበሌ እስር ቤት ወሰዳት። ወሰዳት ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ እሷ ከፊት ፈጠን ፈጠን ትላለች፣ እሱ ከኋላ «ኧረ ሂንድ፣ ቀስ በይልኝ፣ ጉልበቴን» እያለ ይከተላታል።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ሲፎኑ አገሣ። የገባው ሁሉ ይስባል፤ አንዳንዱ ድምፁን ወዶት ደግሞ ይስባል። ምሳ ሳይቀርብ ጣራው ላይ ያለው ታንከር ደረቀ። ሳሙና ፊቱን የተቀባ አንድ ባለሥልጣን ዓይኑን ጨፍኖ «ውሃ! ውሃ!» ይላል። ቦቴው የሚመጣበት ቀን ገና ነው።

ጓድ አያሌው የመጠለያውን በርሜል አስታወሰና ታመነን ሰደደ። ታመነ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ሴቶቹ በርሜሉን ከብበው ተቀምጠዋል፣ ጓድ። ሂንድ ካላዘዘች አንድ ጠብታ አይወጣም አሉኝ። የሺሀረግማ ክዳኑ ላይ ነው የተቀመጠችው።»

«መሣሪያ ይዘህ አይደል እንዴ የሄድከው?»

«ይዣለሁ። 'ተኩስና እንግዶቹ ይስሙ' አለችኝ።»

የቀረው ሂንድን መለመን ነው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ጓድ አያሌው የእስር ቤቱን በር በገዛ እጁ ከፈተ።

«ውጪና ሴቶቹን እዘዢያቸው። ከዚያ በሰላም ቤትሽ ትገቢያለሽ» አላት።

ሂንድ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «ያ በርሜል ለጠማው ሰው ነው። እንግዶችዎ ጠምቷቸው ከሆነ ይምጡ፣ ከልጆቹ ጋር ተሰልፈው ይጠጡ፤ ማንም አይከለክላቸውም። ለሰንሰለቱ ከሆነ ግን እኔ እዚሁ ይመቸኛል። በሩን ሲወጡ ይዝጉት፤ ንፋስ ይገባል።»

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እነዚያ ታላላቅ እንግዶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ ወረዱ። ወደዚያ የሚያወርደው መንገድ ደግሞ መጠለያውን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። በጉብኝቱ ዕቅድ ውስጥ መጠለያው አልነበረበትም፤ ጓድ አያሌው በሌላ በኩል ሊያዞራቸው ነበር ያሰበው። አላዞራቸውም። ቀሚሳቸው ያለቀ ሴቶች በአንድ በርሜል ዙሪያ ተቀምጠው፣ ሳይነሡ፣ ሳያጨበጭቡ፣ የሚያልፈውን ሱፍ ሁሉ ዝም ብለው አዩት።

ከዚያ በኋላ ቦቴው መጀመሪያ መጠለያው ዘንድ ይቆም ጀመር። ማን እንዳዘዘ የነገረን የለም። እኔ እስከ ዛሬ ያዘዙት እነዚያ ድንጋዮች ናቸው እላለሁ። ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው ብለው ለሚጠይቁኝ ወጣቶችም ሌላ የተሻለ መልስ አላገኘሁላቸውም።

ሂንድ የተፈታች ዕለት ከሥራ የተባረረች መሆኗ ተነገራት። ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ማረፊያው በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ይቅርታ ልትጠይቂ ነው?» አለ ጓድ አያሌው በመስኮት።

«ሻሼን ልወስድ ነው።»

«ማስረጃ ነው እሱ!»

«ማስረጃውማ እኔ እዚሁ ቆሜያለሁ። ሻሹ የእኔ ነው።»

ቆመች። ፀሐዩ በረታ፣ ሰው ተሰበሰበ፤ እሷ አልተነቃነቀችም። በመጨረሻ ታመነ ሻሹን አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ሂንድ አራገፈችው፤ በቀረው ግማሽ ላይ ደርባ አሠረችው። ከዚያ የታመነን ባዶ ጀሪካን ከበሩ ሥር አነሣችና በዚያ «በሚያማት» ትከሻዋ አድርጋ፣ ከቦቴው ልትሞላለት ወደ መጠለያው ወረደች።