በድምፅ ማጉያ የጠፋ ስም

ኬ ሱቺን ሽቦ ስትልጥ ቢላ አትጠቀምም። የግራ አውራ ጣቷን ጥፍር አሳድጋዋለች፤ በእሱ የሽቦውን ልባስ ዙሪያውን ትጫነውና አንዴ ሳብ ስታደርገው፣ መዳቡ አንዲት ዘለላ ሳትበጠስ ራቁቱን ይወጣል። ያን ዕለት ጠዋትም ከባሕር ጠባቂዋ አምላክ ከማዙ ቤተ መቅደስ ጎን፣ ከዋርካው ሥር፣ በዝቅተኛው በርጩማዋ ተቀምጣ የዓሣ ሻጩን የሊያዎን ሞተር የፍሬቻ ሽቦ ትልጥ ነበር። የባሕሩ ጨው መዳቡን አረንጓዴ አድርጎት ስለነበር ጫፉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትፈትገዋለች። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ እጆቿን አያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ሳያቸው ኖሬአለሁ።

የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ የጮኸው ያኔ ነው።

በየምሰሶው በተሰቀሉት ማጉያዎች የሰፈራችን ሹም ጻይ ስለ ቆሻሻ መኪና፣ ስለ አውሎ ነፋስ፣ ስለ አረጋውያን ክትባት ያውጃሉ። የማይክራፎናቸው ሽቦ አንገቱ ላይ ስለተሰበረ በሁለት እጃቸው አጥፈው ካልያዙት ድምፃቸው ይቆራረጣል። ሱቺን መጥታ ልትበይድላቸው ቃል ከገባች ቆይታለች፤ ዛፉ ላይ በሰቀለችው የሥራ ዝርዝር ካርቶን ላይ «የሹሙ ማይክራፎን» ብላ ጽፋዋለች። ያን ዕለት ግን ሹሙ ሽቦውን ጥሩ አድርገው ይዘውት ኖሯል። አንዲት ቃል አልጎደለችም።

«የሰፈራችን ነዋሪዎች! ከዋርካው ሥር ሞተራችሁን ያሠራችሁ ሁሉ፣ ለደኅንነታችሁ ሌላ ቦታ ወስዳችሁ አስመርምሩ። የእኔ ሞተር በኬ ሱቺን በተሠራ በሦስተኛ ሳምንቱ ጭሶ ቆሟል። ሊቃጠል ነበር! ጉዳዩ በወሩ አሥራ አምስተኛ ቀን ለቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ይቀርባል። አመሰግናለሁ።»

አመሰግናለሁ ይላሉ ደግሞ!

ሱቺን የጥርስ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች። ሊያዎ ቀልድ ካልተናገረ የሚታመም ሰው ነውና፣ «እት ሱቺን፣ ሞተሬን እስክትጨርሽ ልጠብቅ ወይስ ካሁኑ እሳት አደጋ ልጥራ?» አላት። አልሳቀችም። ሊያዎም የራሱ ቀልድ ጎረበጠውና አንገቱን አከከ።

እኔ ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በዕድሜዬ ተናድጄ አላውቅም። ግን ምን አደረግሁ? አንገቴን ደፍቼ የጀመርኩትን ሱሪ ጨረስኩ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ሱቺን ሽቦ የተማረችው ከማንም ወንድ አይደለም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ካኦሹንግ ከተማ ወርዳ በራዲዮ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ስትበይድ ኖራለች። በቀን ስምንት መቶ መጋጠሚያ። አንዱ ከተበላሸ ተቆጣጣሪው ሁሉም ሴቶች ፊት ያስቆማት ነበር። ኋላ የሞተር ጠጋኝ አገባች። ባሏ ሞተሩን ይፈታል፤ ሽቦ ነክ ነገር ሲመጣ ግን «ይሄ እባብ ያንቺ ነው» ብሎ ይወረውርላታል። እሱ ሲሞት፣ ሱቃቸውም ለመንገዱ ማስፊያ ሲፈርስ፣ ኮሚቴው ከዋርካው ሥር እንድትቀመጥ ፈቀደላት። ሌላ ቦታ የላትም። ፈቃዱን የሚሰጠው ኮሚቴ ነው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ሹም ጻይ ናቸው። እንግዲህ አሥራ አምስተኛው ቀን ሊደርስ አራት ቀን ነበር የቀረው።

የእሷ መጋጠሚያ ከሺህ መጋጠሚያ መሐል ይታወቃል። መጀመሪያ ትበይደዋለች፤ ከዚያ ቱቦ አልብሳ በእሳት ታኮማትረዋለች፤ በመጨረሻ በቀይ የስፌት ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ታስረዋለች። ክሩን የምሰጣት እኔ ነኝ። የምታስረውም ከዓመታት በኋላ ሞተሩ ሲመለስ የራሷን ሥራ ከሌላው ለመለየት ነው። «የሰው ጥፋት የእኔ እንዳይባል፣ የእኔም ጥፋት በሰው እንዳይላከክ» ትላለች።

ሱቺን የጥርስ ብሩሹን አስቀመጠችና ተነሣች። የሥራ ሣጥኗን አንስታ መንገዱን ተሻገረችና ደጃፌ ላይ ቆመች።

«ጎረቤቴ፣ የክሩን ድውር ይዘሽ ትመጪያለሽ?»

ከቤት መውጣት የማልወድ ሴት ነኝ፤ ሰው ሲበዛ ላብ ያጠምቀኛል። ድውሩን ይዤ ወጣሁ።

የሹም ጻይ ግቢ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። ሞተሩ ከበሩ ጥላ ሥር ቆሟል። ሹሙ በነጠላ ጫማ ሆነው የአበባ ማሰሮ ውኃ ያጠጣሉ፤ የሰማንያ ስድስት ዓመት እናታቸው ደግሞ በቀርከሃ ወንበር ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሊያዎና ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ተከትለውን መጥተዋል።

«ሹም ጻይ፣ ሞተሩን ልየው» አለች ሱቺን።

«ምኑን ታዪዋለሽ? አንዴ አቃጠልሽው፣ አይበቃም?»

«ማን ነው እኔ አቃጠልኩት ያለዎት?»

«አውራ ጎዳናው ዳር ያለው አዲሱ ሱቅ ወስጄው ነበር። ሰውየው ፊውዝ ሲቀይርለት ወዲያው ቀለጠ። ‹ማን ነው በናስትሮ የጠቀለለው? ሽቦው ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት› አለኝ። ነጭ ጓንት የሚያደርግ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ አይናገርም።»

«ኮርቻውን ከፍቶ አየው?»

ሹሙ ውኃ ማጠጫቸውን አየት አደረጉ። «መክፈት ምን ያስፈልገዋል? ባለሙያ ነው።»

ሳይከፍት! መጋጠሚያዋን በዓይኑ ሳያይ፣ በእጁ ሳይነካ! እሷ በሕይወቷ አንዲት ሽቦ በናስትሮ ብቻ ጠቅልላ አታውቅም። ይህን ሰው አምነው ነው የሠላሳ ዓመት ስም በምሰሶ ላይ የሰቀሉት።

ሱቺን ከሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሣጥኗን ከፍታ ሁለት ሽቦ የተበየደበት አሮጌ የፊት መብራት አምፖል አወጣች። የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅላ የአምፖሉን ሽቦ ጫፎች በቦታው ሰካች።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች አንዲት ሴት።

«ፊውዝ ቶሎ ይሞታል፣ ነገር አይናገርም» አለች ሱቺን፣ ቀና ሳትል። «አምፖል ግን ይናገራል። ቦግ ካለ፣ አንድ ቦታ ሽቦ ብረቱን ነክቶ ኮንታክት ፈጥሯል። ከደበዘዘ፣ ቦታውን አግኝተነዋል።»

ቁልፉን ከፈተች። አምፖሉ ቦግ አለ።

«ይኸው! ይኸው የእጅሽ ሥራ!» አሉ ሹሙ።

ሱቺን የኋላውን ሽፋን ፈታች። ከሦስት ሳምንት በፊት የሠራችው የፍሬን መብራት ሽቦ እዚያ ነበር። ቀይ ክሬ እንደ ትናንት ንጹሕ ሆኖ ሦስት ዙር ተጠምጥሞበታል። ሁሉም እንዲያይ በጣቷ ወደ ላይ ያዘችው። ከዚያ መሰኪያውን ነቀለችውና ያንን ሽቦ ከቀረው ለየችው።

አምፖሉ ቦግ እንዳለ ነው።

«የእኔ ሥራ ተነቅሏል» አለች። «አሁን የሚያቃጥለው የማን ነው?»

ሹሙ ውኃ ማጠጫቸውን መሬት አስቀመጡ። ሊያዎ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ «አምፖሉ እኮ ምስክር ሆኖ ቆመ! ይማል እንዴ?» አለ።

ሱቺን የሽቦውን ጥቅል ከፊት ጀምራ በሁለት ጣቷ እየዳሰሰች ወረደች። ኮርቻው ሥር ስትደርስ ጥቅሉን ነቅነቅ አደረገችው። አምፖሉ ደበዘዘ። እንደገና ነቀነቀችው፤ ቦግ አለ። ኮርቻውን ከፈተችና በካቻቢቴዋ ከሥሩ ያለውን የዕቃ መያዣ ሣጥን አራት ብሎኖች ፈታች። ሣጥኑ ከቦታው ሲነሣ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

በመጀመሪያ ያየነው አረንጓዴ ነገር ነው። ከሱቅ የሚገዛ የበቆሎ መክሰስ ከረጢት ነው፤ የመክሰሱ ስም «ጨዋ ሁን» ማለት ነው። እኛ ዘንድ መሣሪያ እንዳያምፅ አንድ ከረጢት ላዩ ላይ ይቀመጥለታል፤ እኔም በስፌት መኪናዬ ላይ አለኝ። አረንጓዴው ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቢጫው መኪናን ያስኮርፋል ይባላል። የሹሙ ከረጢት ግን ሆዱ ተቀዷል። ዙሪያውን የወረቀት ብጥስጣሽ፣ ጥቁር ጥቁር የአይጥ ኩስ፣ የተፈጨ በቆሎ። ከአጠገቡ ያለው የሽቦ ጥቅል ልባሱ ተግጦ ሦስት ሽቦዎች ራቁታቸውን ከብረቱ ላይ ተኝተዋል።

ሱቺን ሽቦዎቹን በጥፍሯ ከብረቱ አላቀቀቻቸው። አምፖሉ ወዲያው ፈዘዘ።

ከዚያ አሮጊቷ ባቄላቸውን አስቀምጠው፣ «አይ! እኔ ነኝ» አሉ። «ይህ ልጄ ኩንሾንግ በልጅነቱም ሲነዳ ያስፈራኝ ነበር። ሞተሩ ጨዋ እንዲሆንለት ብዬ ነው። ልጆች አውጥተው እንዳይበሉት ደግሞ በሣጥኑ ወለል ባለችው ትንሽ ክዳን አሳልፌ ሸጎጥኩት።»

ሊያዎ ከረጢቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ የታተመውን ቀን አነበበ። «እማማ ጻይ! ጊዜው ካለፈ ዓመት ሆኖታል! ታዲያ ምኑ ይታዘዝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹሙ አልሳቁም። ፊታቸው ቀላ፤ ወደ መንገዱ አዩ፤ ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«አይጧ የመጣችው ከዋርካው ነው። ሞተሩ እዚያ ቆሞ ሳለ ነው የገባችው።»

እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ይህችው ላብ የሚያጠምቃት ሴት፣ «ኧረ በሰማይ!» ብዬ የጮህኩት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ደግነቱ አሮጊቷ ቀጠሉልኝ። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መትተው፣ «ኩንሾንግ! ሱቺን ሽቦ የምትልጠው በጥፍር ነው። ይህ ጥርስ ነው። ጥርስና ጥፍር አትለይም?» አሏቸው።

ሱቺን ሦስቱን ሽቦዎች እዚያው በየደቻቸው። ቱቦ አለበሰቻቸው። እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ክሩን አቀበልኳት። «ሞተሩ ምን አጠፋ» አለች ለራሷ እንደምታወራ። አዲስ ፊውዝ ስትሰካ መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ ክላክሱ ሁሉም ሠራ። ከዚያ ቆማ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ «ሹም ጻይ፣ ስሜ የጠፋው በማጉያ ነው። በማጉያ ይመለስ» አለቻቸው።

አመሻሹ ላይ ማጉያው ጮኸ። ሁላችንም በየደጃችን ወጣን።

«የሰፈራችን ነዋ… ኬ ሱቺን… ሽቦ… ጥፋቱ… ኬ ሱቺን… ሞተሬ… አመሰግናለሁ።»

ስም ለማጥፋት ሽቦውን በሁለት እጃቸው አጥፈው ያዙት፤ ስም ለመመለስ ግን በአንድ እጃቸው ሻይ ይዘው ኖሯል! የላይኛው መንገድ ሰው፣ ሞተሩ ሲፈታ ያላየው፣ «ደግሞ ምን አጠፋች?» ይባባል ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ሹሙ ራሳቸው ዋርካው ሥር መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «እት ሱቺን» አሉ፤ እንዲህ ብለው ሲጠሯት ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነው። «አልተሰማም አሉ። ነይና ያንን የማይክራፎን ሽቦ ብየጂልኝ፤ እንደገና ጥሩ አድርጌ ልናገረው።»

ሱቺን የሊያዎን ፍሬቻ እየገጠመች ነበር። እጇ አልቆመም።

«ሹም ጻይ፣ ሥራ በዝቶብኛል። ማጉያው ቢሰበርም እግርዎ ደህና ነው። የሰማው ቤት ሁሉ ደግሞ በር አለው።»

«መቶ አርባ ቤት ነው እኮ!»

«ሲያወሩብኝ አልቆጠሩትም ነበር።»

እውነቴን ነው፣ ዞሩ። አሥራ አምስተኛው ቀን እስኪደርስ ሦስት ቀን ሙሉ፣ እናታቸው በምርኩዝ ከኋላቸው እየተከተሉ፣ በር በር እያንኳኩ «ጥፋቱ የኬ ሱቺን አልነበረም፤ አይጥ ነው፤ ሳላጣራ ተናገርኩ» አሉ። ለማሳጠር ሲሞክሩ አሮጊቷ ጀርባቸውን ነካ ያደርጓቸዋል። እኔ ደጅ ሲደርሱም እንዲሁ ተናገሩ። ሰውን ማስቸገር አልወድም። ግን ያን ቀን የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ «መኪናው ጮኾብኝ አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ደገሙልኝ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ስለ ጣሪያው ክዳን ተነጋገሩና ተበተኑ። የዋርካውን ነገር ያነሣ የለም።

ይኸው ዓመት አለፈ። የቆሻሻ መኪና ሲመጣ ማጉያው አሁንም «ቆሻ… ዛሬ… ሰዓት» ይላል፤ እኛም በመኪናው ደወል ነው የምናውቀው። ሱቺን ካርቶኗን ሁለቴ ቀይራለች። ያለቀውን ሥራ ትሰርዛለች፣ ያላለቀውን ወደ አዲሱ ትገለብጣለች። ትናንት ክር ላቀብላት ተሻግሬ አየሁት፤ ከሁሉ በላይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ፣ «የሹሙ ማይክራፎን» ይላል። አልተሰረዘም።