እንደሻው ጸበል የወረደ ዕለት

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ሐረር ውስጥ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ። በቅሎዬንም ያኔ ከኤረር በር እስከ ሐኪም ጋራ የሚቀድማት አልነበረም፤ ስንቱ ሹም ሽጥልኝ እያለ... እሱን ተዉት። የማወራችሁ ስለ ጎረቤቴ ስለ እንደሻው ነው።

እንደሻው ወታደር ነበር። ከኦጋዴን ዘመቻ ሲመለስ ጓደኛው ወልደ ጊዮርጊስ እዚያው ቀረ። ለሟቹ እናት ለእማማ ተናኘወርቅ «ጥይት መታው፣ ወዲያው አለፈ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ለእንደሻው እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ። ጀግና ሲሉት አንገቱን ይደፋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከቅጥሩ ውጭ ይቆማል። እማማ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም፤ «የልጄ ወንድም እንዲህ ሆኖ አይቀርም» ብለው ጸበል ወሰዱት። ያደረሰችው የኔው በቅሎ ናት፣ ያውም በነጻ!

ጸበሉ ሲወርድበት የጮኸው ጩኸት! ሰዉ ደስ አለው። ሰይጣኑ ተቃጠለ ማለት ነዋ።

«የበረሃ ነው፣ እልኸኛ ነው» አልኩ እኔም።

አጥማቂው አባ ኃይለመስቀል መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማን ነህ? ተናገር!» አሉት።

«እንደሻው ነኝ፣ አባቴ።»

«እሱንማ እናውቀዋለን! አንተ ውስጡ ያለኸው ለፍልፍ!» አለች በለጡ የምትባል ምላሰኛ።

«ሌላ ማንም የለብኝም» አለ እንደሻው። «ወልደ ጊዮርጊስ ወዲያው አልሞተም። ሆዱን ተመቶ ውሃ ውሃ ሲለኝ ዋለ። ቅሌ ውስጥ ውሃ ነበረኝ። እኔ ጠጣሁት። ትቼው ሄድኩ።»

ጋቢውን ይዘው የቆሙት እማማ ተናኘወርቅ ነበሩ። እኔ ለወሬ የማላንሰው ሰውዬ መሬት መሬት አየሁ።

አባ ወደ ሰዉ ዞረው «የሚወጣ ሰይጣን የለበትም፤ ሂዱ» አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው «ከነገ ጀምሮ እኔ ዘንድ ትመጣለህ፤ ብቻህን አትሸከመውም። ዛሬ ግን እናትህን ቤታቸው አድርስ» አሉት።

«በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«አትያቸው። ከኋላ ተከተል።»

እማማ ፊታቸውን አዙረው ጋቢውን ዘረጉለት። «ልበስ፣ ብርድ ይመታሃል።»

እሳቸው ፊት ፊት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ሄዱ። ቤታቸው ሲደርሱ እማማ ገቡና በሩን ሳይዘጉ ተዉት። እሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። በማግስቱም ከአባ ዘንድ ሲመለስ እዚያው። ገብቶ ማዕዳቸው ላይ እስኪቀመጥ ክረምቱ አልፎ መስቀል ደረሰ።