ከእትዬ አንጓች ብልቃጥ የቀዳሁት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ አብራኝ ላደገችው እህቴም አልነገርኩም። ሞጣ ውስጥ ሽቶ የሚገዛኝ ሰው ሁሉ "ዘሃራ አታጭበረብርም፣ ውሃ አትቀላቅልም" ይላል። እውነት ነው፤ ለሽያጭ ባስቀመጥኩት ሽቶ ላይ አንድ ቀን ቀላቅዬ አላውቅም። እኔ የቀላቀልኩት በአደራ በተሰጠኝ ብልቃጥ ውስጥ ነው።

አባቴ ሽቶ ነጋዴ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ከአስመራና ከአዲስ አበባ እያመጣ በሞጣ፣ በደብረ ወርቅና በብቸና ገበያ ይሸጥ ነበር። ያኔ ሽቶ የሚገዙት የባላባት ሚስቶች፣ ሙሽሮችና አስተማሪዎች ናቸው። አባቴ ባዶ ብልቃጥ መጣል አይሆንለትም፤ አጥቦ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን የጣሊያን ሽቶ አፍንጫዬ ሥር ይዞ፣ "መጨረሻ ላይ የምትቀረው ሽታ የኛው አገር ዝባድ ናት። ከጥርኝ ትወጣለች፣ በቀንድ ተሞልታ ባሕር ትሻገራለች፣ እንዲህ ሆና ትመለሳለች" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቶ ለእኔ እንደማንኛውም ሸቀጥ አልሆነልኝም።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ አባቴ ሞተ። ሱቁና ብልቃጦቹ ለእኔ ቀሩ። እኔም ሰበሰብኩ። አሮጌ ብልቃጥ ላመጣልኝ ሰው አዲስ ሽቶ እለውጥለት ነበር። የጎማ ፊኛዋ እየተጨመቀች የምትረጨዋን ከአንዲት የቀድሞ የወረዳ ገዢ ሚስት አገኘሁ። ሰማያዊዋን አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር አመጣልኝ። ሁሉም ባዶ ነበሩ። የአሮጌ ሽቶ ብልቃጥ ማግኘት ይቻላል፤ ሽቶውን ራሱን ማግኘት ግን ከባድ ነው። ሰው ተቀብቶ ይጨርሰዋል፣ ወይም እንደ አየር ተኖ ያልቃል።

እትዬ አንጓች ብቸና ነበሩ። አባቴ ለገበያ ሲወርድ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነው፤ እኔንም በልጅነቴ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ነን፤ ለእኛ ብለው ድስትና ሳህን ለብቻ አስቀምጠው ነበር፤ ሌላ ሰው አይነካውም። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ይርገዱ። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ይርገዱ አስመራ ሄዳ አንድ ያገሩን ሰው አገባች። የባሏ አባት ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሽቶ ቤት ነበረው።

ይርገዱ ከአስመራ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው የድንበሩ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ስትመለስ የምትቀባውን ሽቶ ለእናቷ ትታላቸው ሄደች። ካማቷ ሱቅ ከቀረው አሮጌ ዕቃ የወጣ ነው። ትከሻው ሰፋ ያለ ብልቃጥ፣ የብርጭቆ ውታፍ ያለው፣ ከግማሽ በላይ ሙሉ። ከዚያ ጦርነቱ ተነሳ፣ መንገዱም ተዘጋ። ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም። እትዬ አንጓች ልጃቸው ትኑር ትሙት አያውቁም።

ያን ሽቶ አይቀቡትም ነበር። በየወሩ በማርያም ቀን ውታፉን ነቅለው አንዴ ያሸቱታል፣ ይዘጉታል። "ፎቶዋ ዝም ብሎ ያየኛል። ይሄን ስከፍት ግን እሷ ራሷ ትገባለች" ብለውኛል።

እኔ ያን ብልቃጥ ሳየው ልቤ ደነገጠ። አባቴ የተወልኝ አንድ እሱን የሚመስል ነበረኝ፤ ቅርጹ ያው፣ ውታፉ ያው፣ ባዶ። እንዲሸጡልኝ ጠየቅኳቸው። ሳቁና፣ "ልጄን ልሽጥልሽ?" አሉኝ። አፍሬ ተውኩት። ተውኩት ልበል እንጂ አልተውኩትም፤ ወደ ብቸና በሄድኩ ቁጥር ያን ብልቃጥ አያለሁ።

ከዓመታት በኋላ እትዬ አንጓች ለወንድማቸው ተዝካር ሞጣ መጡ። ሱቄ ገብተው ከነጠላቸው ጫፍ አንዲት የወተት ቆርቆሮ ፈቱ። ውስጡ በጥጥ የተጠቀለለ ያ ብልቃጥ ነው።

"ዘሃራዬ፣ ውታፉ አልነቀል አለኝ። ስታገል እንዳልሰብረው ፈራሁ።"

"ደርቆ ነው እትዬ። እዚህ ይተዉልኝ፤ እስኪሄዱ እከፍትልዎታለሁ።"

ሳያመነቱ ሰጡኝ። ለማን ይስጡት ታዲያ? በእጃቸው አብልተው ያሳደጉኝ ልጅ አይደለሁ?

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ተቀመጥኩ። አንገቱ ላይ ዘይት አንጠባጠብኩ፤ በሞቀ ጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ቆይቶ ውታፉ ዞረ። ከዚያ አሸተትኩት። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ ደረቅ እንጨት፣ ከሥር ደግሞ እንደ ሰው ገላ የሞቀች፣ አባቴ ያለኝ ዝባድ። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማንም አልገፋፋኝም፣ ችግርም አልነበረብኝም። ያባቴን ባዶ ብልቃጥ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ትንሽ፣ ለመታወሻ ያህል ልቅዳ አልኩ። ቀዳሁ። ሁለተኛ ቀዳሁ። ቀና ስል የእትዬ አንጓች ብልቃጥ ሥሩ ላይ ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። ያን ጊዜ መመለስ አልችልም ነበር? እችል ነበር። ሁለቱም ፊቴ ናቸው። እኔ ግን ከመደርደሪያዬ ርካሽ ሽቶ አንስቼ ጎደሎውን ሞላሁት። ቀለሙ ነጣ ሲልብኝ ወፍራም ሻይ ጠብ አደረግኩበት። ልክ ሆነ።

እትዬ አንጓች ሲመጡ ውታፉን ነቅዬ መልሼ በመግጠም አሳየኋቸው። ሲነቀል ሲያዩ ደስ አላቸው። "እጅሽ ይባረክ" ብለው በጥጥ ጠቅልለው ወሰዱት። እዚያው አላሸተቱትም፤ የማርያም ቀን አልነበረማ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቼ ብቸና ሄድኩ። እትዬ አንጓች ከስተዋል። ቡና ሳያስቡልኝ፣ ምሳ በላሽ ሳይሉኝ፣ ቆርቆሮዋን አመጡ።

"ዘሃራ፣ ይርገዱ ራቀችብኝ" አሉ። "ትመጣ ትመጣና ከደጅ ትመለሳለች። ትንሽ ሽው ትላለች፣ ወዲያው ሌላ ሰው ይሆንብኛል። ክሊኒክ ሄድኩ፣ አፍንጫሽ ደህና ነው አሉኝ። ጠበልም ተጠመቅኩ። እስቲ አንቺ አሽቺልኝ፤ ያንቺ አፍንጫ የተማረ ነው።"

ብልቃጡን ተቀብዬ አሸተትኩ። የራሴን ርካሽ ሽቶ አሸተትኩ። ከሥሩ የልጃቸው ሽታ ጥቂት ብቅ ብላ ትጠፋለች። ልክ እሳቸው እንዳሉት ነበረች።

"እንደነበረው ነው እትዬ" አልኩ። "ምንም አልሆነም። የእርስዎ አፍንጫ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ያደርጋል።"

ብልቃጡን ከእጄ ወስደው በጥጥ ጠቀለሉት። ከዚያ፣ "እኔ ነኛ የረሳኋት" አሉ።

ሌብነቴን እናንተ ከባድ ትሉት ይሆናል። እኔ ሌሊትም ቀንም የሚመላለስብኝ ግን ይህ ነው። ሽቶውን ሰረቅኩ፤ እሺ። እናት ልጇን የረሳች እንዲመስላት ያደረግኩት ለምንድን ነው? አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። "ተበላሽቷል" ብል እንኳ ጥፋቱ የሽቶው ይሆን ነበር። እኔ ግን ጥፋቱን እሳቸው ላይ ጣልኩት፤ እሳቸውም አመኑኝ። ከዚያ በኋላ ብልቃጡን መክፈት ተዉ። የማርያም ቀን ሲመጣ ቆርቆሮዋን ያዩዋታል እንጂ አይነኳትም ብላ ጎረቤታቸው ነገረችኝ።

የቀዳሁትንስ ምን አደረግኩት? ምንም። አንድም ቀን አልተቀባሁትም። ሱቅ ውስጥ መሳቢያ ሥር ቆለፍኩበት።

እትዬ አንጓች በጠና ሲታመሙ ያን ብልቃጥ በቦርሳዬ ይዤ ብቸና ሄጄ ነበር። ልነግራቸው አስቤ ነው። አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እጄን ያዙኝ። ዘመድ ይገባል ይወጣል። ሰው ሲወጣ እናገራለሁ አልኩ። ሰው ወጣ፤ ብቻችንን ቀረን፤ ዓይናቸውን ከድነው እጄን አልለቀቁም። አልተናገርኩም። በሳምንቱ ሞቱ። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ "ከልጅ እኩል አለቀሰችላቸው" ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

የአስመራ መንገድ ሲከፈት ይርገዱ መጣች። ባሏ ሞቷል፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ አረማመዷ የእናቷ ነው። ብቸና ሄዳ አርባቸውን እንኳን ያልደረሰችላቸውን የእናቷን መቃብር አይታ፣ ከዚያ ሞጣ እኔ ዘንድ መጣች። ተቃቅፈን አለቀስን። ስትረጋጋ ቆርቆሮዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

"እናቴ 'ይርገዱ ካልመጣች ይሄን ለዘሃራ ስጧት፣ እሷ ትወደዋለች' ብለው ነበር አሉኝ። እኔ መጥቻለሁ፣ ግን ቃላቸው ነው፤ ውሰጂው።"

ከመስጠቷ በፊት ውታፉን ነቀለችና አሸተተች። ግንባሯ ተቋጠረ። እንደገና አሸተተች።

"ይሄ የኔ ሽቶ ነው?"

"ነው" አልኩ።

"እኔ እንጃ። ሃያ ዓመት ነው። አንቺ ታውቂያለሽ ዘሃራ፣ ሽቶ እንዲህ ይለወጣል?"

ይኸው፣ አላህ ሁለተኛ በር ከፈተልኝ። የቀዳሁት መሳቢያው ውስጥ፣ ከጉልበቷ አጠገብ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

"ይለወጣል" አልኩ።

ራሷን ነቀነቀችና ብልቃጡን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ተቀበልኩ። ሻይ አስመጣሁላት፣ ጠጥታ ሄደች።

አርጅቼ ፈርቼ ነው አልልም፤ መጀመሪያ የቀዳሁ ዕለት ወጣት ነበርኩ። የሽቶ ፍቅር አሳበደኝም አልልም፤ ሻይ ጠብ ሳደርግ አእምሮዬ ንጹሕ ነበር። ይርገዱ አሁን ብቸና እናቷ ቤት ገብታለች። ጠዋት መኪና ብይዝ ለምሳ እደርስባታለሁ። እናቷ አውፍ ሊሉኝ፣ ይቅር ሊሉኝ፣ አይችሉም፤ እሷ ትችላለች፣ ወይም እንቢ ልትለኝ ትችላለች። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።

እናንተን አውፍ በሉኝ አልልም። የወሰድኩት የእናንተን አይደለም።