ቅርፊት የሌለው ዓሣ

አባቴ ሃያ ዓመት ያህል የዓሣ መንጠቆ ሲሸጡ ሐይቅ አይተው አያውቁም ነበር። ከጎጃም ደጋ ተነሥተው መርካቶ የገቡት በጎልማሳነታቸው ነው። ሱቃቸው ከአንዋር መስጊድ ብዙም የማይርቅ፣ ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ግን ረጅም፣ ሲባጎና ገመድ እስከ ጣሪያው የተከመረበት ቤት ነበር። መንጠቆዎቹ በየመጠናቸው ተለይተው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ የሚከፍቱት አስቀድመው ትልቁን ቆርቆሮ ነው። የሚበጠስ ሲባጎ ወይም የሚጎብጥ መንጠቆ መሸጥ ለእሳቸው ከነውርም አልፎ ኃጢአት ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ መምህርነት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አባቴ በዐቢይ ጾም መግቢያ ታመሙ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ጉልበታቸውን ግን ይዞት ሄደ። ሐኪሙ ወተት፣ እንቁላልና የሥጋ መረቅ አዘዘ፤ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ስለ ሕመሙ ጾሙን ቢፈቱላቸውም አሻፈረኝ አሉ። ከብዙ ልመና በኋላ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓሣ። ከተማ ውስጥ የሚገኘው ዓሣ ደግሞ መንገድ ላይ የሰነበተ ነው። እናቴ ሁለት ጊዜ ሠርታ አቀረበችላቸው፤ ሁለት ጊዜም ሽታው ገና ከበር ሲደርስ አስመለሳቸው። ሐኪሙ እናቴን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ በዚህ ዓይነት ፋሲካን ላይደርሱ እንደሚችሉ ነገራት።

ከሐዋሳ ሐይቅ በየወሩ የሚመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ደንበኛ ነበራቸው። ሙስሊም ነው፤ ዓርብ በአንዋር ይሰግድና ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ ሱቅ ይመጣል። አባቴ «የሐይቁ ሰው» ይሉታል። በዚያ ሳምንት ሲመጣ ሱቁ ውስጥ ያገኘው እኔን ነበር።

«ጋሼስ?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ታዲያ እኔ እያለሁ? ነገ ና፤ ከውኃው የወጣ ሳይውል ትወስድላቸዋለህ። ትንንሾቹ መንጠቆዎች አልቀውብኛልና ይዘህልኝ ና። አሁን መኪናው ያመልጠኛል።»

ማታ ቤት ገብቼ መልእክቱን ለአባቴ ነገርኳቸው። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ፤ በዚያ ሳምንት ቀና ሲሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ትንሽ መንጠቆ ምን ያደርግለታል?» አሉ። «ትልቅ ዓሣ በትልቅ መንጠቆ ነው። ከትልቁ ቆርቆሮ አውጣና ስጠው። ስጦታዬ ነው በለው።»

የጠየቀው ትንሹን እንደ ሆነ መድገም እችል ነበር። ቀና ያለውን አንገት መልሼ ማስደፋት ግን ከበደኝ፤ የታዘዝኩትን አደረግሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሬ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ዳር ደረስኩ። አጥማጁ ጥቅሉን ፈታና አንዱን መንጠቆ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ሳቀ።

«ይኼ መንጠቆ ነው መልሕቅ? ጋሼ አዞ የማጠምድ መሰላቸው እንዴ?»

ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። በዚያ ሰሞን ጉማሬዎች ወልደው በዳርቻው ይዞሩ ስለ ነበር መረብ የሚዘረጋ አልነበረም፤ የእሱም መረብ ከትናንት በስቲያ ተቀዶ ደጁ ላይ ተሰጥቷል። ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ እነሱ ቆሮሶ የሚሉት፣ አፉ ትንሽ ስለ ሆነ በትንሽ መንጠቆ እንጂ በዚህ አይያዝም አለኝ።

«በዚህስ የሚያዘው ምንድር ነው?»

«አምባዛ ነዋ። እሱም በሌሊት።»

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቅርፊትና ክንፍ የሌለው የውኃ ፍጥረት በእኛ ሥርዓት እንደማይበላ በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ። አጥማጁም ያውቅ ነበር። ሰኞ ማስተማር አለብኝ፤ መረቡ እስኪጠገን ሁለት ቀን ይፈጃል፤ አባቴ ደግሞ ሁለት ቀን ስለ መኖራቸው ዋስ የሚሆነኝ አልነበረም።

«እንሞክር» አለኝ። «ቆሮሶም እንደ ሰው ነው፤ አንዳንዱ ይሳሳታል።»

ሲጨልም በሳንቃ ጀልባው ወጣን። ሚዛን መጠበቅ አቅቶኝ ከወዲያ ወዲህ ስወዛወዝ ሳቀብኝ። «መምህር፣ መኻል ላይ ተቀመጥ። ይኼ ውኃ ለተማረና ላልተማረ አያዳላም።» በአንድ ረጅም ገመድ ላይ መንጠቆዎቹን በየክንዱ አንጠልጥሎ በእያንዳንዳቸው ላይ የበሬ ሳንባ ይሰካ ነበር። ልረዳው እጄን ስዘረጋ መለሰኝ።

«አንተ ጾመኛ ነህ፤ ፋኖሱን ያዝ። ጾም የማያውቅ አምባዛው ነው።»

ገመዱን በድንጋይ አስጥሞ ጫፉን ባዶ ቅል ላይ አሰረና ቅሉን ውኃው ላይ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። ከዚያን ቀን በፊት ዝምታን የማውቀው በቤተ መጻሕፍትና በቅዳሴ ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ሰው የሠራቸው ዝምታዎች ናቸው። የሐይቁ ዝምታ ግን ማንንም የማይጠብቅ፣ ማንንም የማይሰማ ነው። ከሩቅ ጉማሬ ሲያናፋ ይሰማል፤ ፋኖሱ ከሚያበራት ትንሽ ክብ ውጭ ውኃውና ሰማዩ አይለዩም። በውስጤ ስጸልይ ቆየሁ። የጸለይኩት ግን ለአባቴ መዳን እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ቅርፊታም ዓሣ እንዲሳሳት ነበር።

ቅሉ ሲሰምጥ አጥማጁ ገመዱን መሳብ ጀመረ። የመጀመሪያው ጢማም፣ ጥቁር፣ ክንድ የሚያህል አምባዛ ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው። አራት ወጡ፤ የተሳሳተ አልነበረም። አምባዛ ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም፤ እስኪነጋ ድረስ ከጀልባው ወለል ላይ፣ ከእግሬ ሥር፣ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ቆዩ።

ሲነጋ አጥማጁ አንዱን ከግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ቆዳውን እንደ ሹራብ ገፈፈው። ሥጋውን ቆራርጦ ጨው ነሰነሰበትና በኮባ ቅጠል ጠቀለለው።

«ቆዳው ከወጣ በኋላ ማንም አይለየው» አለኝ። «መንገርም አለመንገርም የአንተ ነው። እኔ ግን ጋሼ ከጠየቁኝ አልዋሽም፤ እወቀው።»

ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጓዝኩ። ሞጆ ላይ ሰዎች ወርደው ውኃ ሲጠጡ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ብነግራቸው እንደማይቀምሱት አውቅ ነበር። ባልነግራቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ነገር እኔ በእጄ አፈርሰዋለሁ። የትኛው ፍቅር የትኛው ክህደት እንደ ሆነ ያን ጊዜ መለየት አቃተኝ፤ ዛሬም በእርግጥ ለይቼዋለሁ ለማለት አልደፍርም።

እናቴ በዘይትና በሽንኩርት ሠራችው። ቆዳው የት እንደ ሄደ ስትጠይቀኝ፣ አጥማጁ እንደ ገፈፈው ነገርኳት። አባቴ አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ ጠበቅን፤ ደገሙ። ሳህኑን በእንጀራ ጠርገው ጨረሱ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«በእኔ መንጠቆ ነው የተያዘው?» አሉ።

«አዎን አባባ፣ በእርስዎ መንጠቆ ነው።»

«አላልኩህም? ቅርፊቱ አላስቸገራችሁም? ያስቸግራል ሲሉ እሰማለሁ።»

«ያጸዳው እሱ ነው» አልኩ።

ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ መርምሬአታለሁ። ሐሰት የለባትም። የተነገረችው ግን እውነቱን እንድትሸፍን ነበር።

በአራት ቀን ውስጥ የቀረውን በልተው ጨረሱ። በሁለተኛው ሳምንት በከዘራ ደጅ ወጡ። ፋሲካን ደረሱ፤ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ዓርብ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አጥማጁ መጣ። እኔም ነበርኩ።

«የሐይቁ ሰው!» አሉት። «እንግዲህ ነፍሴን ያተረፍካት አንተ ነህ። ስጦታዬስ እንዴት ነው?»

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፤ ብርቱ ነው። ዛሬ ግን ትንሹን ይስጡኝ፤ ቆሮሶ ልያዝበት።»

«ምነው፣ ትልቁ አይዘውም?»

«ኧረ በዚያስ ከአምባዛ በቀር የሚያዝ የለም።»

ይህን ብሎ ወደ እኔ አየ፤ አለመናገሬን ከፊቴ ላይ አነበበና አንገቱን ደፋ። አባቴ የትልቁን ቆርቆሮ ክዳን በእጃቸው እንደ ያዙ ቀሩ።

«ከአምባዛ በቀር?» አሉ።

«ከአምባዛ በቀር፣ ጋሼ።»

ክዳኑን ቀስ ብለው ገጠሙት። ትንሹን ቆርቆሮ ከፈቱና «ስንት ልስጥህ?» አሉት። እኔን አላዩኝም፤ አልጠየቁኝምም።

በዚያ ምሽትም በማግስቱም የሚሉኝን ጠበቅሁ። ምንም የለም። ሳምንታት አለፉ፤ አባቴ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ በእናቴ ላይ ይቀልዳሉ። ነገሩን አላገናኙትም፣ ወይም ይቅር ብለው ትተውታል ብዬ ደመደምኩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ቤተ ክርስቲያናችን ጾምንና ስግደትን እንደማትፈቅድ ግን አውቅ ነበር፤ ተምሬዋለሁ፣ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ለካስ የሚመቸውን ተስፋ ያደረገ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል።

ሃምሳው ቀን አልቆ የሐዋርያት ጾም በገባበት ሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ከአባቴ ክፍል፣ የጉልበት ድምፅ ሰማሁ። ጉልበት የወለሉን ሳንቃ ይመታል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ ከባድ ትንፋሽ ይከተላል፤ እንደገና ይመታል። አርባ አንድ ቆጠርኩ። ማክሰኞም አርባ አንድ። ረቡዕ ዕለት ሠላሳ ላይ ቆሙ፤ የወደቁ መስሎኝ ከአልጋዬ ተነሣሁ፤ ቀጠሉ። ሳያውቁ የበሉትን በሽተኛ ጉልበታቸው እየከፈለበት ነበር። ያበላኋቸው እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቼ እቆጥር ነበር።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ በሩን ስከፍት ግን ስግደቱን ጀምረው ነበር። አሥራ ሰባት ላይ ደርሰዋል። ሄጄ ከአጠገባቸው ቆምኩ። አላዩኝም። መቁጠሪያቸውን ወደ መጀመሪያው ፍሬ መለሱ።

«አባባ» አልኩ፤ «አሥራ ሰባት ደርሰው ነበር።»

«አንተ ገና ነህ» አሉኝ።

ከዚያም በግድግዳው ተደግፈው ጉልበታቸውን አጠፉ፤ እኔም ከጎናቸው ተንበረከክሁ።

«አንድ» አሉ።