የሹራብ ክር ያለበት መሶብ

ለሚመለከተው ሁሉ ይድረስ፤ ላልሰማም ይነገር። የቆሰበር ከተማ ነዋሪ፣ የአንድ እህል መጋዘን ዕቃ ያዥ፣ የሁለት ኮትና የአንድ ክራቫት ባለቤት የሆኑት አቶ ደርበው አድማሴ ከጥር ወር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ዘመናዊ ሆነዋል። ይህን ውሳኔ የሚቃወም፣ የሚያንኳስስ ወይም በጓዳ የሚያጉረመርም ማንኛውም ግለሰብ የኋላ ቀርነት ርዝራዥ ተደርጎ ይቆጠራል።

አዋጁ የወጣው ማጀት ውስጥ ነው። አድማጩም አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚስታቸው ፋና። ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር ዓይኗ እንባ ያቀረረው በአዋጁ ይሁን በሽንኩርቱ አልተለየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሜላት ዳንግላ ለሚኖር ይኸነው ለሚባል ጨዋ ልጅ ተድራለች። ሠርጉ አልፏል፤ አሁን የቀረው መልሱ ነው። በመጪው እሑድ የሙሽራው እናት ወይዘሮ ወርቅአየሁ ወገኖቻቸውን ሚኒባስ ሙሉ ይዘው ቆሰበር ይመጣሉ። አቶ ደርበውም ይህን ምሳ እንደ ምሳ አላዩትም። በታሪክ ፊት የሚቆሙበት ቀን አድርገው ነው ያዩት። ታሪክ በበኩሉ ስለ እሳቸው ሰምቶ አያውቅም፤ ይህ ግን አላስጨነቃቸውም።

ያስጨነቃቸው የፋና መሶብ ነው።

ፋና የባንጃ ገበሬ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው፤ አማርኛውን በትምህርት ቤትና በገበያ ጨመረችበት። በእሷ ወገን አንዲት እናት ልጇን ስትድር በእጇ የሰፋችውን መሶብ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታወጣው በመልሱ ቀን ነው። ክዳኑን የምታነሳው የሙሽራው እናት ናት፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻም የምትጎርሰው እሷ ናት። ግብዣው ሲያበቃ መሶቡ ሙሽራዋን ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ቤት ሲበላ እናቷም አብራ እንደተቀመጠች ይቆጠራል።

ስለዚህ ፋና ሜላት ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ጀመረች። ስንደዶውንና አክርማውን ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ሰንጥቃ፣ ራሷ ቀለም ነክራ፣ ክረምት ክረምት በር ላይ የቀርከሃ ወንበሯን አውጥታ ወስፌዋን ይዛ ተቀመጠች። ዝናቡ ይዘንባል፤ እሷ ትሰፋለች። አንድ ክረምት ላይ ቀለም የተነከረው ስንደዶ አለቀባት። ሜላት ትምህርት ጨርሳ የጣለችው የደንብ ልብስ ሹራብ ነበር፤ ክርኑ ያለቀ፣ ሰማያዊ። ፋና ሹራቡን ተረተረችና በክሩ የመሶቡን ወገብ አንድ ዙር አዞረችበት። ሜላት አይታ ሳቀች፤ ቀጥላም አለቀሰች፤ ጨርሳም እናቷን አቀፈች። ልጅቱ ነገር ይገባታል። የወጣችው በእናቷ ነው።

አቶ ደርበው ግን ክሩን ባዩት ቁጥር ጥርሳቸውን እንዳመመው ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል።

«ሹራብ ላይ እንጀራ ልታቀርቢ ነው?»

«ሹራቡ በውጭ ነው። እንጀራው በውስጥ ነው።»

«ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ከዳንግላ ነው።»

«ዳንግላ ደግሞ ምን አለ? እዚያም ሰው በጋሪ ነው የሚሄደው።»

አቶ ደርበው መልስ ሲያጡ ኮታቸውን ይለብሳሉ። ኮታቸውን ለብሰው ሀብቱ የሚባል የሠርግ ዕቃ አከራይ ዘንድ ሄዱ። እዚያ ከፕላስቲክ አበባና ከቀይ ምንጣፍ መካከል አንድ መሶብ ቆሞ አዩ። ሰው ወገብ ድረስ የሚመጣ፣ በቫርኒሽ የተለበጠ፣ እንደ አዲስ ቁምሳጥን የሚያብለጨልጭ። ፊታቸውን አዩበት። ፊታቸው ደስ አላቸው።

«ጋሽ ደርበው፣ ይኼ እኮ ለፎቶ ነው» አለ ሀብቱ። «ሙሽሮች አጠገቡ ቆመው ይነሱበታል እንጂ ምግብ አይቀርብበትም። ሰሞኑን ደግሞ እንደ አዲስ ቀብቼዋለሁ።»

«ለፎቶ የሆነ ለሰው ያንሳል?»

«አያንስም፤ ግን…»

«ባጃጅ ጥራልኝ።»

እሑድ ጠዋት ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ሳሎኑ መሐል ተተከለ። የፋናን መሶብ አቶ ደርበው በገዛ እጃቸው ተሸክመው፣ ከአዲስ ቅዳም ከተማ መጥቶ ማጀት ከተቀመጠው የከሰል ማዳበሪያ ጀርባ ሸሸጉት። ዕቃ መሸሸግ ሙያቸው ነው። ፋና ዶሮውን እያማሰለች አየቻቸው። አንድ ጊዜ ብቻ «የሜላት አባት» አለች። እሳቸው እንዳልሰማ ሰው አለፉ። እሷም ወደ ድስቷ ዞረች።

እንግዶቹ ደረሱ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ወፈር ያሉ፣ ሳቃቸው የማይቆጠብ ሴት ናቸው። ወጡ ቀይ ሆኖ ቅቤው ከላይ ተንሳፏል፤ አይቡ ነጭ ነው፤ ድንቹ በአዋዜ ተለውሶ ቀርቧል፤ ጠላው ተጠልሏል። ፋና ያን ቀን የሠራችው ምግብ ሰፈሩን በመዓዛው ብቻ አጥግቦታል። ወይዘሮ ወርቅአየሁ እንደ ልማዱ ተነስተው ክዳኑን ከፈቱና እጃቸውን በሚያብለጨልጨው ጠርዝ ላይ አሳለፉ።

«የማን እጅ ነው ይኼ?»

እዚህ ላይ አንድ ሰው እውነቱን ቢናገር ማንም አይሞትም ነበር። «የተከራየነው ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። አቶ ደርበው ግን ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«የባለቤቴ ነው። እሷው ናት የሰፋችው።»

ፋና ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ሜላት ከባሏ ጎን ተቀምጣ አባቷን አየች።

ወጡ እንጀራው ላይ ተጨለፈ። ትኩስ ነበር። እንጀራውን አልፎ ቫርኒሹ ላይ ደረሰ፤ ቫርኒሹም እንግዳ እንደመጣበት አውቆ ተነሳ። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ እንጀራው ከሥር ተጣበቀ፤ አንዱ ሲስበው ሌላው ጥግ ተከትሎ ይመጣል። ወይዘሮ ወርቅአየሁ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጎርሰዋል፤ መትፋት ነውር ነው። አላምጠው ዋጡ። ዓይናቸው ግን ውኃ ሞላ። የሙሽራው አጎት አሳምነው አፉን የማይጠብቅ ሰው ነው።

«እኔ ምለው፣ ይኼ ዶሮ ያደረው አናጢ ቤት ነው?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ዓይን የሄደው ወደ ፋና ነው። መሶቡ የእሷ ነው ተብሏላ። አንዲት የገጠር ሴት ከተማ ለመምሰል ስፌቷን ቫርኒሽ ቀብታ፣ እንግዶቿን ቀለም አበላች ማለት ነው።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ውኃ ጠጥተው እጇን ያዙላት። «አይዞሽ እህቴ። ሳይደርቅልሽ ነው። ለእኛ ብለሽ ነው የደከምሽው።»

ፋና አንገቷን ደፋች። ጆሮዋ እንኳ ቀልቶ ነበር።

«አባባ» አለች ሜላት።

አንድ ቃል ናት። አቶ ደርበው ግን ምን እንደተጠየቁ አሳምረው ያውቃሉ። ሁሉም ጠበቀ፤ ምን እንደሚጠብቅ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አቶ ደርበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ መሶቡ አዩ፤ መሶቡም የገዛ ፊታቸውን መለሰላቸው። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩና በሐዘኔታ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ፋናዬ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ።»

እኔ ብዙ ከሃዲዎችን በወረቀት ላይ አንብቤአለሁ። መደቡን የሸጠ፣ ጓዱን የሸጠ፣ አገሩን የሸጠ ሞልቷል። ሁሉም ቢያንስ አንድ ነገር አግኝተውበታል። ሚስቱን ለቫርኒሽ የሸጠ ግን ከአቶ ደርበው ሌላ አላጋጠመኝም።

ፋና «እውነትህን ነው» አለች። ድስቱን ይዛ ወደ ማጀት ገባች፤ የተረፈውን በትሪ ልታቀርብ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ «ላግዛት» ብለው ተከተሏት። ትሪ ሲፈልጉ የከሰሉን ማዳበሪያ ገፋ አደረጉት። መሶቡ እዚያ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የከሰል ብናኝ፣ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ክር።

ከዚህ በኋላ ሳሎን ድረስ የተሰማው ንግግር በአዊኛ ነው። ለካ ወይዘሮዋም አዊኛ ይችላሉ፤ አንድ ነገር ጠየቁ። ፋና አጠር አድርጋ መለሰች። ከዚያ አንዷ አለቀሰች ወይም ሳቀች። አቶ ደርበው ሃያ ሦስት ዓመት ከአንዲት አዊኛ ተናጋሪ ጋር ሲኖሩ ሰላምታውን ብቻ ነው የለመዱት። ጆሯቸው በር ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ የገባቸው ነገር የለም። ወደ ሜላት ዞረው «ምን አሉ?» አሏት። ሜላት ቋንቋውን ከእናቷ ተምራለች።

«ስለ ስፌት ነው የሚያወሩት» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ባሏ መለሰች።

ምግቡ በትሪ ቀረበ፤ ተበላ፤ ተመሰገነ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ስላዩት መሶብ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ግን በነጠላቸው የተጠቀለለ ክብ ነገር በብብታቸው ይዘው ነበር። ነጠላው በአንድ በኩል ሸርተት ሲል አቶ ደርበው ሰማያዊውን ክር አዩት። እጃቸውን ለስንብት አንስተው ነበር፤ እንደተነሳ ቀረ።

ያን ቀን ተጩኾባቸው ቢሆን ኖሮ ይሻላቸው ነበር። ማንም አልጮኸባቸውም። ልጃቸውን ሊጠይቁ ዳንግላ በሄዱ ቁጥር ያ መሶብ ይቀርብላቸዋል፤ ሰማያዊው ክር በእሳቸው በኩል እንዲሆን ተደርጎ። አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። አንድ ጊዜ እንደምንም ደፍረው «ያን ቀን እንኳ እኔ…» ብለው ጀምረው ነበር።

«ይብሉ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ። «ወጡ ሳይቀዘቅዝ።»

ቤታቸውም እንዲያው ነው። ፋና ስለዚያ እሑድ አንስታ አታውቅም። ምሳ ታቀርባለች፤ ኮታቸውን ታጥባለች። ክረምት ሲገባ ወንበሯን በር ላይ አውጥታ ሌላ ስፌት ጀመረች። አቶ ደርበው ከገበያ አንድ እቅፍ ስንደዶ ገዝተው መጡና አጠገቧ አስቀመጡላት። እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም። ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ምነው?» አለች ቀና ሳትል።

«የለም፤ ስንደዶው ጥሩ ነው ወይ ልልሽ ነው።»

«ይሆናል» አለች፤ አንዱን መዝዛ ሰነጠቀችው። እሳቸውም ገቡ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። በቆሰበር ካለፍህ የእህል መጋዘኑን ጠይቅ፤ ሰው ያሳይሃል። በሩ ላይ ኮት የለበሱ፣ ክራቫታቸውን የሚነካኩ ሰው ታያለህ። እጅ ነስተህ ሰላም በላቸው፤ ሰው ወዳድ ናቸው። ከዚያ ድምፅህን ከፍ ሳታደርግ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «በልጅዎ መልስ ቀን ሳሎን የቆመው መሶብ የማን ነበር?» ብለህ ጠይቅልኝ። ቶሎ አይመልሱልህም። አንተም አትቸኩል፤ ቁም። ፋና ምሳቸውን ይዛ በዚያ በኩል የምትመጣበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ፣ እባክህ፣ እሷ እስክትደርስ ጠብቅና ጥያቄውን እንደገና ጠይቅልኝ፤ መልሱን እሷም ትስማው።